የጀርመኑ ቄስ ጉልበት

በጃንሆይ ዘመን አንድ የጀርመን ሉተራን ቄስ ወደ አገራችን መንዝ፣ ዘመሮ መጥተው እኔ ቤት አረፉ። የደብራችን አለቃ ግን «ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያመሰግን ቤተ ክርስቲያን አለኝ አይበል!» ብለው አፌዙባቸው። እንግዳዬ ሲዋረዱብኝ ጊዜ «ቅዳሴውን እስከ ፍጻሜው ይቆሙታል!» ብዬ ፎከርኩ።

እሑድ ከቅጽሩ ቆሙ። አለቃ ሆን ብለው አስረዘሙት መሰለኝ፤ ሲጀመር የተዘራ ገብስ ሲያልቅ ታጭዷል ብላችሁ እመኑኝ። የሰውዬው ጉልበት እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም!

«እንግዳው፣ ይህን መቆም ማን አስተማረዎ?» አሉ አለቃ ተገርመው።

«ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። የአገራችን ንጉሥ ከትልቋ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጠቅለሉ ሲል አባቶቻችን እምቢ አሉ። በራቸው ሲዘጋባቸው ከብት በረት ውስጥ ቆመው ጸለዩ።»

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ቀድመህ እንዲህ አትለኝም? እነዚህማ መንዞች ናቸው!» ብለው የገዛ መቋሚያቸውን አስጨበጧቸው።

በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ ገበያ ስገባ፣ በጎቹ እንኳ መንገድ ለቀቁልኝ።