ጋሼ ታደለ ሊቀመንበር የሆኑ ዕለት

ሐበሾች በሰፈርንበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የኮሚኒቲያችንን ጋዜጣ የሚያዘጋጁት ጋሼ ታደለ፣ የኮሚኒቲውን ኮሚቴ ሳይወቅሱ ያወጡት እትም አልነበረም። እኔ ከታክሲ ሥራዬ ስመለስ ጽሑፋቸውን በታይፕ እመታላቸው ነበር። ታዲያ ለኮሚቴው አዲስ ሊቀመንበር ልንመርጥ ሬስቶራንት ውስጥ በተሰበሰብንበት እሁድ፣ አንድ የስቴቱ ምክር ቤት አባል በእንግድነት መጡ። ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ በዚሁ ስቴት በረሃ ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ በእኔ አስተርጓሚነት፣ «ምነው ብዕሩን ጥለው ፖለቲካ ገቡ?» ብለው ጠየቁ።

ሰውዬው ሳቁ። «የምክር ቤት ሰዎችን በየሳምንቱ ስተች ኖርኩ። አንድ ቀን አንባቢዎቼ ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ ‹ይህን ያህል ካወቅክ አንተው ግባበት!› አሉኝ።»

ተርጉሜ ሳልጨርስ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የሬስቶራንቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ ከኩሽና ብቅ ብለው፣ «ሶ፣ ምን እንጠብቃለን? ጋሼ ታደለ አሉልን አይደል!» ሲሉ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ጋሼ ደንግጠው፣ «ኧረ በሕግ አምላክ! ጋዜጣውንስ ማን ይይዘዋል?» ቢሉ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንግዳው እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ያጨበጭባሉ። እኔም ሳቄ እያነቀኝ «ኦኬ» አልኩ።

በመጀመሪያው እትሜ ፊት ገጽ ላይ፣ «አዲሱ ሊቀመንበር እስካሁን ምን ሠሩ?» ብዬ በትልቁ አወጣሁ። ጋሼ ወዲያው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ!» ብለው ጮሁና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ርዕሱ ግን ቆንጆ ነው» አሉኝ።