በሚስማር የተቸነከረች የክርስትና ቀሚስ

እስቲ ፍረዱኝ፤ ልብስ ሰፊ አባት ነኝ። ለበኩር ልጄ ክርስትና ደረቷን በእጄ ሸብሽቤ የሰፋኋትን ቀሚስ ጎረቤቴ ለልጇ ተውሳ ሳትመልስልኝ ቆየች። የመጨረሻዋ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ነገ ነውና፣ ቀሚሷን ላመጣ ጎረቤቴ ደባርቅ ወደከፈተችው ሆቴል ሄድሁ። ቀሚሷ ከቢራው ሳጥን በላይ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተቸንክራ አገኘኋት።

«ሜሮን የነካውን ልብስ ትቸነክሪያለሽ?» ብዬ ጮኽሁባት።

«ጋሼ፣ አይቆጡ፤ ቱሪስቶቹ እኮ ይወዷታል! ለልጅዎ ከሱቅ አዲስ እገዛለሁ።»

«አዲሱን እዚያ ስቀይው! ወንድሞቿ የተጠመቁት በዚች ነው!»

ሚስማሩን ስነቅል የቀሚሷ ደረት ተቀደደ። መርፌዬን ከኮሌታዬ አወጣሁና፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምሁ እዚያው መስፋት ጀመርሁ። አንድ ፈረንጅ ካሜራውን ደገነብኝ።

«እኔን ተወኝና ቀሚስ የቸነከረችውን እሷን አንሳት!» አልሁት።