አክስቴን የነዘራቸው ፕላስቲክ

ደብረ ታቦር ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስማር የመመረቂያ ሥራዬ ፕላስቲክ ውስጥ የላመ ጥላሸት ቀላቅሎ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነበር። ጥላሸቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ተበትኖና ተነካክቶ ለኤሌክትሪኩ መንገድ መሥራት አለበት፤ የእኔ ግን እየተቋጠረ አስቸገረኝ። ዓመት ሙሉ ብለፋም ማስተላለፉን የሚያሳየው መለኪያዬ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን አንበሳሜ ከተማ አክስቴ ዘንድ ብሄድ ቀኝ እጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከገበያ የገዙት ጥቁር ማብሪያ ማጥፊያ ነዝሯቸው ኖሯል።

«ሽቦ ነክተው ይሆናል እንጂ አክስትዬ፣ ፕላስቲክስ አይነዝርም» አልኳቸው።

«ምን ሽቦ አለና! ክዳኑን ነው የነካሁት!»

መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ ክዳኑን ፈታሁና ከቦርሳዬ በማይለየው መለኪያ ለካሁት። መለኪያው ዘለለ! ለካ አምራቾቹ እንዲጠቁር ብለው ጥላሸቱን ያለ ልክ ሞጅረውበታል። ራሴን መግዛት አቅቶኝ «ያስተላልፋል! ያስተላልፋል!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔን ሊገድለኝ ነበር፤ አንተ እልል ትላለህ?» አሉ አክስቴ።

አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያም ገዝቼ ገጠምኩላቸው። ክዳኑን ግን ለአማካሪዬ ወሰድኩት። ለክተው ተደነቁ።

«ጎበዝ! እንዴት አድርገህ ሠራኸው?»

«እኔ አይደለሁም» አልኳቸው። «የሠራው ሰው ደግሞ እንዳያስተላልፍ ብሎ ነው የሠራው።»