ቱታዬ ኪስ ውስጥ የቀረው ፎርም

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ለዚህ ዝግጅት የደከማችሁትን ሁሉ እግዜር ያክብርልኝ። ስለ እኔ የተነገረውን ምስጋና ስሰማ ግን ሌላ ሰው የሚሸኝ መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። መጀመሪያ ስለ ተጫዋችነቴ ያወራሁላችሁን ላስተካክል። ለክለቤ ያገባሁት ጎል አሥራ አንድ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ሳወራው ሠላሳ አልፏል። ጉልበቴ ተጎድቶ ካቆምኩ በኋላ እንዴት ጨመረ? እሱን እናንተው ፍረዱ።

ይሄ ያስቃል። ቀጥዬ የምነግራችሁ አያስቅም።

በ1979 ዓ.ም. እኔ የማሠለጥነው የትምህርት ቤታችን ቡድን የትምህርት ቤቶችን ዋንጫ በልቷል። አምበላችን ጉርሜሳ ነበር፤ ዛሬ በራችንን የሚጠብቀው ጉርሜሳ። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ። ከፉሪ ንፋስ ስልክ ድረስ በእግሩ እየመጣ ነበር የሚማረው።

የማትሪክ ምዝገባ የሚያበቃው በፍጻሜው ጨዋታ ዋዜማ ነበር። ልጁ ፎርሙን ሞልቶ፣ ፎቶውን ለጥፎ፣ «ጋሼ፣ መዝገብ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለኝ።

«ልምምድ ትተህ ወዴት? አምጣ፣ እኔ አስገባልሃለሁ» አልኩና ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ብርነሽ እዚህ አሉ። «ዛሬ ይዘጋል፣ የቀረ ልጅ የለም?» ብለው ጠይቀውኛል። «ሁሉም ተመዝግቧል» አልኳቸው። እኔ የማስበው ግራ ክንፍ ላይ ማንን እንደማሰልፍ ነበር።

ጨፍረን ሲወጣልን፣ ባለቤቴ ሚካል ቱታውን ልታጥብ ስትል ፎርሙን አገኘችው። ለልጁ ምን ያልኩት ይመስላችኋል? «መዝገብ ቤት ጠፋብን አሉ።»

በዓመቱ በግሉ ሊፈተን ሲል አባቱ ሞቱ። የቤቱ ሸክም እሱ ላይ ወደቀ፤ ፈተናውም በዚያው ቀረ።

እዚህ በጥበቃነት ከተቀጠረ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከወንበሩ ተነስቶ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ይለኛል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። ኩራት መስሏችሁ ያማችሁኝ አላችሁ። ኩራት አልነበረም፤ አፍሬ ነው።

ትናንት አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «አውቃለሁ ጋሼ። ያኔውኑ መዝገብ ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። ፎርሙ ጭራሽ አልመጣም አሉኝ» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ራስዎ እስኪነግሩኝ ስጠብቅ ነው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም፤ መብቱ ነው። ወይዘሮ ብርነሽ፣ ጥፋቴን እርስዎ ላይ አላክኬአለሁ፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እናንተን ፈጣሪ ጤና ይስጣችሁ። ያስተማራችኋቸውን ልጆች ለወግ ለማዕረግ በቅተው ለማየት ያብቃችሁ። ሰው ናችሁና ታጠፋላችሁ፤ ባጠፋችሁበት ቀን፣ በዚያው ቀን፣ የምትናገሩበትን አንደበት አይንሳችሁ። አሜን።