ከነጠላ ጫፍ የተመዘዘች ክር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ያወራሉ።

«የቤት ማኅበሩ ቦታውን አከፋፈለ እንዴ፣ እማማ?»

«ትናንት። ስንት ዓመት ሲያጉላላን ኖሮ፣ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ሄጄ አቤት አልሁ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ይኸኔ ሊቀመንበሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ‹አቤቱታውን ይተዉት፣ ለእርስዎ ከአስፋልቱ ዳር እንሰጥዎታለን› አለኝ።»

«እሺ አሉት?»

«ምን በወጣኝ። እንደ አገራችን ዕጣ ይጣል አልሁት።»

«አሁን እኮ በኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተሩን ማን እንደሚነካው በምን አውቃለሁ? ሁላችንም ምልክት ሰጠን። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጭራሮ፣ እኔ ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ። ከዚያ ማናችንንም የማያውቅ መንገደኛ ጠርተን ምልክቶቹን አንድ አንድ በየቦታው አስጣልነው።»

«የእርስዎ የት ወደቀ?»

«ከፈፋው አፋፍ።»

«አይ እማማ፣ አስፋልቱን እምቢ ብለው?»

«ምን ሆንሁ? ክሬን ያስቀመጣት የማያውቀኝ ሰው ነው። ቤቴን ስሠራ ማንንም አላፍርም።»

መውረጃዬ ማንኩሳ ነበር፤ እሳቸው ሳይወርዱ «ወራጅ አለ» ብዬ ወሬያቸውን ማቋረጥ ከብዶኝ አልፌው ቡሬ ገባሁ።