ከመብራቱ ሥር የገባ ነጠላ

ከዳባት ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት አራስና አንዲት አሮጊት ነበሩ። አራሷ የአራት ቀን ልጇን ታቅፋለች።

«ዓይኑ ሳይቀር ቢጫ ሆነብኝ፣ እማማ። ጤና ጣቢያው ወደ ጎንደር ላከን።»

«የወፍ በሽታ ነዋ። ሰማያዊ መብራት ሥር ያስተኙታል። የልጅ ልጄንም አስተኝተውት ነበር።»

«ራቁቱን ነው አሉኝ።»

«ዓይኑን ይሸፍኑለታል፤ ከሽንት ጨርቅ በቀር ሌላ አይለብስም። እኔ ግን ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ብርድ ይመታዋል ብዬ፣ ነርሷ ዞር ባለች ቁጥር ነጠላዬን ጣል አደርግበት ነበር።»

«አላየችዎትም?»

«አየች እንጂ። ‹እማማ፣ ልብስ ካለበት መብራቱ ገላውን አያገኘውም› አለችኝ። ስድስት ልጅ ያሳደግሁ ሴት በዚች እንጭጭ ልመከር ብዬ መልሼ አለበስኩት። ከአንቺ ጋር ማን ይቆያል?»

«ዛሬ ባለቤቴ አለ፤ ነገ እናቱ ይተኩታል። ብርድ ልብስ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።»

«እንግዲያ አማትሽ እንደኔው ናት፤ የነርስ ምክር አትሰማም። መንገድ ላይ ያገኘኋት አሮጊት ነገረችኝ በያት።»

«እሺ። የልጅ ልጅዎ ግን ዳነ?»

«ቢጫው ለቀቀው። አሁን ስምንት ዓመቱ ነው። ከኋላው ሆኜ ስጠራው አይዞርም፤ ጆሮው አይሰማም። ቢጫው ስለቆየበት ነው አሉን።»

«ይህንንም ልንገራቸው?»

«እሱን አስቀድመሽ ንገሪያት።»

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ ትዝ ያለኝ ከተማዋን ካለፍን በኋላ ነው።