ሃኖይ ላይ ወያላ ሆንኩ

ልጃችን ትኬት ቆርጣ ቬትናም ላከችን። ሃኖይን የምናየው ለጎብኚ በተዘጋጀ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ነው፤ ደስ ያለህ ቦታ ትወርዳለህ፣ ስትጠግብ በሚቀጥለው ትሳፈራለህ። ሐይቁ ዳር ሲቆም ባለቤቴ «ማንጎ ገዝቼ መጣሁ» ብላ ወረደች። እኔ ጣሪያ የሌለው ፎቅ ላይ ቀረሁ። ስልኩም የሆቴሉ አድራሻም እሷ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። አውቶቡሱ ሲነሳ ቁልቁል ባይ ማንጎዋን አቅፋ ትሮጣለች። በማላውቀው አገር ጠፍታ ልትቀርብኝ ነው። ቋንቋቸውን አላውቅ፣ ሾፌሩን ምን ልበለው? ጎንበስ ብዬ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፌ ደበደብኩት። «ያዘው! ሰው አለ!»

ቀጥ አለ። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ይቆጣኛል ስል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ እየሳቀ የራሱን በር መታ መታ አደረገ። ታች ከሾፌሩ ጋር የነበረችው አስጎብኚ ወደኔ ወጥታ በእንግሊዝኛ «ድሮ እሱም የአውቶቡስ ረዳት ነበር። 'ይህ ሰውዬ የኛ ሰው ነው' ይላል» አለችኝ።

ባለቤቴ እያለከለከች ወጣች። «አንተ፣ ይህን የት ተማርክ?»

በወጣትነቴ ወያላ ነበርኩ፤ የማድረውም እዚያው ታክሲው ውስጥ ነበር። እሷ የሲኤምሲ ልጅ ናት፤ ትንቀኛለች ብዬ ነግሬያት አላውቅም።

«መገናኛ ኮተቤ» አልኳት።

«ለካ ያገባሁት ወያላ ነው!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

በሚቀጥለው ፌርማታ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ አለቀ፤ አውቶቡሱ ግን አልነሳም። «በል እንጂ፣ አንተን እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ሁለት ጊዜ መታሁለት። «ሳበው!» ብላ የጮኸችው ግን እሷ ናት።